ሳልገድፍ የሠራሁት ግድፈት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ከጋዜጣው ቤት ይዤ የወጣሁት ሁለት ካርቶን ማስታወሻ ደብተርና አንድ የናስ እርሳስ መቅረጫ ነው። ደብተሮቹ ኦስሎ፣ ላምበርትሴተር በሚገኘው ቤታችን ምድር ቤት፣ ከልጄ የድሮ የበረዶ መንሸራተቻ ጎን ተቀምጠዋል። ባለቤቴ ብርቅነሽ «ለአይጦቹ ቤተ መጻሕፍት ከፈትክላቸው?» እያለች ትቀልድብኛለች። አልጣልኳቸውም። በስሜ የወጣ ነገር ሁሉ መነሻው እዚያ ውስጥ አለ፤ ማን እንደነገረኝ፣ የት ቆሜ እንዳየሁት፣ ስንት ሰዓት እንደነበረ። ከአንድ ጽሑፍ በቀር። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ስለ አንዱ ነው።

ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ በፍርድ ቤት ዘጋቢነት ነበር። ልደታ፣ የችሎቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ የተማርኩት ትልቁ ነገር የሰውን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ መጻፍ ነው። የአያት ስም ከቀረ በጋዜጣህ ላይ ሌላ ሰው ታስራለህ። ከአገር የወጣሁበት ምክንያት የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ኦስሎ ስደርስ ሠላሳዎቹን አጋምሼ ነበር። ቋንቋ ተማርኩ፤ ከዚያ አንድ የከተማው ጋዜጣ መዝገብ ቤት ውስጥ የድሮ ፎቶግራፎችን ከነመግለጫቸው ወደ ኮምፒውተር የማስገባት ሥራ አገኘሁ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ክፍሉም መስኮት አልነበረውም። ኖርዌይኛን በደንብ ያስተማረኝ ግን ኮርሱ ሳይሆን ያ መዝገብ ቤት ነው።

ወደ ዘጋቢነት የመለሰኝ የሌላ ሰው ስህተት ነው። ሁለት ወንድማማች ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸው ላይ ቆመው የተነሱት አንድ ፎቶ ነበር። በአንድ እትም ታላቅዬው በግራ በኩል ያለው ነው ይላል፤ ያው ፎቶ ከዓመታት በኋላ ሲታተም ታላቅዬው በቀኝ በኩል ያለው ነው ይላል። በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ወደ ዜና ክፍሉ ወጣሁ። የዴስኩ ኃላፊ ቶርጋይር የሚባሉ ረዥም ሰው ነበሩ፤ ሁልጊዜ ቆመው ነው የሚያነቡት። በኖርዌይኛ አንቱታ የለም፤ አለቃም ሎሌም አንተ ነው። እኔ ግን በልቤ አንቱ ስላቸው ኖሬያለሁ፤ እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ።

ወረቀቴን አነበቡና «ማን ነህ?» አሉኝ።

«ከመዝገብ ቤት ነኝ።»

«የትኛው ትክክል እንደሆነ እንዴት አወቅህ?»

«እሱን አላወቅኩም። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ እንደማይችሉ ነው ያወቅኩት።»

ቶርጋይር ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሲቀመጡ ያየሁት ያን ቀን ነው። «እንዲህ ያለውን ነገር በእናንተ ቋንቋ ምን ትሉታላችሁ?»

«ግድፈት» አልኳቸው። የጾምን ቀን ያፈረሰ ሰውም «ገደፈ» እንደሚባል፣ ሁለቱ ቃላት የአንድ ሥር ልጆች እንደሆኑ አስረዳኋቸው።

«እንግዲያው ለእናንተ የጋዜጣ ስህተትና በጾም ሥጋ መብላት አንድ ኃጢአት ነው?»

«በሰዋስው ረገድ፣ ያ» አልኩ። «ያ» በኖርዌይኛ አዎ ማለት ነው። እዚህ የቆየን ሰዎች በአማርኛ ስናወራም አዎን ትተን «ያ» ማለት ለምዶብናል።

ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቶርጋይር ስህተት ባገኙ ቁጥር ከወዲያኛው ጥግ «ጌድፌት!» ብለው ይጮኹ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ የአማርኛ ፊደል አይተው የማያውቁ የኖርዌይ ዘጋቢዎች ሁሉ ይህን ቃል ያውቁት ነበር። ቃሉን ወደዚያ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ይህን አስታውሱልኝ።

ቶርጋይር ጽሑፍ የሚያርሙት በነጥብ ነበር። በወረቀት ላይ የወጣውን ረቂቅ ይዘው ከወንበርህ ኋላ ይቆማሉ፤ እውነት ነው ተብሎ በተጻፈ እያንዳንዱ ነገር ላይ በእርሳስ አንዲት ነጥብ ያኖራሉ፤ በየነጥቡ «እንዴት አወቅህ?» ይላሉ። አየሁ፣ ሰማሁ፣ ሰነዱ ይኸው። መልስ ካለህ ነጥቧን ይሰርዟታል፤ ከሌለህ ዓረፍተ ነገሩ ይወጣል። ቅጽል ነክተው አያውቁም። «ቅጽሉ ያንተ ነው፣ እውነቱ ግን የአንባቢው ነው» ይሉ ነበር። ምሳቸው ሁልጊዜ ቡናማ አይብ የተቀባ ዳቦ ነው፤ ፍርፋሪው ረቂቅህ ላይ ይረግፋል። አንድ ቀን ደብተሬ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ አይተው ዓረፍተ ነገር በምን እንደሚዘጋ ጠየቁኝ። አራት ነጥቡን አሳየኋቸው። «አያችሁ» ብለው ደብተሬን ለክፍሉ ሁሉ ከፍ አድርገው አሳዩ፤ «እነዚህ ሰዎች ለአንድ ዓረፍተ ነገር አራት ምስክር ያቆማሉ።»

አብዛኛው የሥራ ዘመኔ በከተማዋ ምሥራቅ ነው ያለፈው፤ ከቶየን እስከ ባቡሩ መጨረሻ እስከ ቬስትሊ። አንድ ክረምት ቶየን የሚኖሩ ሰዎች ቤታችን በረዶ ሆኗል ብለው ደወሉልኝ። አከራዩ ድርጅት ደግሞ ክፍሎቹ በቂ ሙቀት አላቸው ብሎ ጻፈልኝ። ሦስት ቴርሞሜትር ገዛሁ። በመጀመሪያ ሦስቱንም በረዶ በሞላበት ውሃ ውስጥ ከትቼ የትኛው እንደሚዋሽ አየሁ፤ አንደኛው ይዋሽ ነበር፣ ጣልኩት። በቀሩት ሁለቱ አምስት ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት እየሄድኩ ለካሁ። የጻፍኩት ለእኔ ታሪክ የማይመቸውን፣ ከሁሉ ሞቅ ያለውን ቁጥር ነው። እሱም ቢሆን ብርድ ነበር። በሳምንቱ ማሞቂያው ተጠገነ። ቶርጋይር ነጥቦቻቸውን ሰርዘው ሲጨርሱ «በረዶው ውሃ ውስጥ ባትከታቸው ኖሮ ውሸታሙን አታውቀውም ነበር» አሉኝ። ከሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ስለዚህ የካሪቢያኑ ጉዞ ሲመጣ ማንም፣ እኔም ጭምር፣ እኔን ለመጠራጠር ምክንያት አልነበረውም።

የጉዞ ገጹ አዘጋጅ በረዶ አንሸራቷት እግሯ ተሰብሮ ነበር። በየካቲት ብርድ አንባቢዎቻችን ስለ ፀሐይና ስለ መርከብ ማንበብ ይወዱ ነበርና ትኬቷን እኔ ወሰድኩ። ጊዜው የዓቢይ ጾም ነበር። ብርቅነሽ ሻንጣዬን እያዘጋጀች «የንስሐ አባትህን ጠይቃቸው እንጂ፤ መንገደኛ ነህ፣ ይፈቅዱልሃል» አለችኝ።

«መንገድ አይደለም፣ ሥራ ነው» አልኳት።

«ታዲያ ሥራህ መብላት ከሆነ?»

አንድም ዓመት ጾም ሳላጓድል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ አልቀምስም። በዚህ እኮራ ነበር። በጋዜጣው ቤት ግን ማንም አያውቅም። «በልቼ ነው የመጣሁት» እያልኩ ዓመታት አልፌያለሁ። ያቺን ትንሽ ውሸት እንደ ውሸት አልቆጠርኳትም ነበር።

መርከባችን ግሬናዳ የደረሰው ዓርብ ጠዋት ነው። ለጽሑፌ የመረጥኩት የምግብና የመጠጥ ጉብኝቱን ነበር። አሥራ ሁለት መንገደኞች በአንዲት ሚኒባስ ተሳፈርን፤ አስጎብኚያችንና ሹፌራችን ካልቪን የሚባል ተጫዋች ጎልማሳ ነበር። ገበያው ውስጥ ገውዝ የተባለውን ቅመም ከነቀዩ መረብ ልባሱ አሳየን። የካካዎ መድረቂያው ላይ ሴቶች ጫማቸውን አውልቀው በፍሬው መካከል እግራቸውን እየጎተቱ ሲሄዱ አየን፤ ፍሬው በእኩል እንዲደርቅ የሚገለበጠው በእግር ነው። ሮም የሚሉት የሸንኮራ አገዳ አረቄ መጥመቂያ ውስጥ ውሃ የሚያዞረው ትልቅ መንኮራኩር አገዳውን ሲጨምቅ ደብተሬ ላይ ሣልኩት። ጽዋ ሲታደል ጽዋዬን ይዤ ቆምኩ። ሁሉንም አየሁ፣ ሁሉንም ጻፍኩ፣ ምንም አልቀመስኩም።

የመጨረሻው ማረፊያ የሚስ ኡና ግቢ ነበር። በዚያ አገር በዕድሜ የገፉ ሴቶችን ሚስ ብለው በስማቸው ይጠሯቸዋል። ሚስ ኡና የወንድ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ከማማሰያቸው ብዙም የማይረዝሙ ሴት ነበሩ። የሚሠሩት ምግብ ኦይል ዳውን ይባላል። የዳቦ ፍሬ የሚሉት ድንች መሰል ትልቅ ፍሬ፣ የጎደሬ ቅጠል፣ የዱቄት ድብልብል፣ እርድ፣ ሁሉም ትልቅ ድስት ውስጥ ተደርድሮ የኮኮናት ወተት ይፈስበታል፤ ወተቱ ሁሉ ተመጥጦ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ድረስ ይበስላል። ካልቪን ሁልጊዜ እንደሚያደርገው በዜማ አወረደው፤ «ከሥር የጨው የአሳማ ጅራት፣ ከላዩ የዳቦ ፍሬ፣ ከላዩ ቅጠሉ!»

የአሳማ ጅራት ሲል ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ድስቱን ግን አላየሁትም። ከዚያ ወዲያ ላየውም አልፈለግኩም።

አጠገቤ የተቀመጠው ከቤርገን የመጣ ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ነበር። አንድ ማንኪያ ወስዶ ፊቱን አጨማደደ። «ምንም ጣዕም የለውም። የሆስፒታል ምግብ!» ሰሃኔን ገፋ አደረግኩለት። ጣዕም የለውም እያለ የእኔንም ጨረሰው። ይህን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። በጽሑፌ ውስጥ ግን አላስገባሁትም።

ሰዎቹ ወደ መኪናው ሲያመሩ ሚስ ኡና ወደ እኔ መጡ።

«አልበላህም።»

«በልቼ ነው የመጣሁት።»

«ከየት ነህ?»

«ከኖርዌይ።»

ፊቴን ትኩር ብለው አዩ። ወደ ድስቱ ተመለሱ፤ አንዲት የፕላስቲክ ሳጥን ሞልተው፣ በጨርቅ አስረው አመጡልኝ። «ለኋላ ነው» አሉኝ። «ሰዓትህ ሲደርስ።»

«ሰዓትህ ሲደርስ» የሚለውንም ቃል በቃል ጽፌዋለሁ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ስንት ሰዓት እንደነበረ ግን ደብተሩ ላይ አለ፤ በእኛ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት ከሩብ።

ወደቡ ላይ የበሰለ ምግብ ወደ መርከቡ ማስገባት ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ነበር። ስለዚህ ሳጥኑን ሚኒባሱ ወንበር ሥር ትቼው ወረድኩ። ማስታወቂያው እውነት ነው። መርከቡ የሚነሳው አሥራ አንድ ሰዓት እንደነበር፣ ከወደቡ ደጃፍ የዛፍ ጥላ እንደነበረ፣ እዚያ ቁጭ ብዬ ዘጠኝ ሰዓትን መጠበቅ እችል እንደነበርም እውነት ነው።

ጽሑፉን መርከቡ ላይ ጨረስኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነበር። የካካዎው እግር፣ የመንኮራኩሩ ጩኸት፣ ሁሉም በቦታው። የግቢው ክፍል ላይ ስደርስ ግን ጣዕም ያስፈልግ ነበር፤ ያለ ጣዕም የምግብ ጉብኝት አይጻፍም። የጥርስ ሐኪሙን ጣዕም ወሰድኩ። «አሳማው የት እንደገባ አይታወቅም» ብዬ ጻፍኩ፤ «ጨውም ነፍስም የሌለው፣ ተመልሶ ለማይመጣ እንግዳ የተሠራ ድስት ነው።» ሚስ ኡናን በስም አልጠቀስኳቸውም፤ «አንዲት አሮጊት» አልኳቸው። ከልደታ ጀምሮ ስም ያልዘለልኩ ሰው ያን ቀን ዘለልኩ።

ኦስሎ ስመለስ ቶርጋይር እርሳሳቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆሙ። ገውዙ ላይ ነጥብ። «አየሁ።» መንኮራኩሩ ላይ ነጥብ። «ሣልኩት፣ ይኸው።» ድስቱ ላይ ሲደርሱ ነጥቧን አሳረፉ። የዳቦ ፍርፋሪ ወረቀቱ ላይ ወደቀ።

«ቀምሰሃል?»

አልቀመስኩም፣ ጾመኛ ነበርኩ ማለት ነበረብኝ። ዓረፍተ ነገሩ ይወጣ ነበር፤ ሌላ ምንም አይፈጠርም ነበር። ግን ሁሉም ዘጋቢ እየሰማ ነበር፤ ለመቅመስ ተልኮ ሳይቀምስ የመጣ ዘጋቢ መባልን ፈራሁ።

«ያ» አልኩ።

ነጥቧን ሰረዟት። «ተመልሶ ለማይመጣ እንግዳ» የምትለዋን አንብበው ፈገግ አሉ። «ይቺ ጥሩ ናት» አሉ።

በአማርኛ «ያ» ሩቅ ያለን ነገር መጠቆሚያ ነው። ያን ቀን ሁለቱን ቋንቋ ቀላቅዬ፣ ሩቅ ያለ ያልደረስኩበትን ነገር እንደ ደረስኩበት አድርጌ ጠቆምኩ።

ጽሑፉ ተወደደ። አንድ የመርከብ ተጓዦች ድረ ገጽ ያችን አንዲት መስመር በእንግሊዝኛ ተርጉሞ እንዳወጣት ሰማሁ፤ ደስም አለኝ። በተከታዩ በጋ ቶርጋይር ጡረታ ወጡ። በስንብታቸው ላይ ንግግር ሲያደርጉ ወደ እኔ ዞረው «በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ጌድፌት ያላገኘሁበት ሰው» ብለው የናስ መቅረጫቸውን ሰጡኝ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እዚያው ልነግራቸው እችል ነበር። በሌላ ቀን እቤታቸው ሄጄ እነግራቸዋለሁ አልኩ። እቤታቸው ሄድኩ፤ ቡናማ አይብ በዳቦ በላን፤ ስለ ሌላ ስለ ሌላ አወራን። ሦስት ጊዜ እንደዚያ ሆነ። ከዚያ ታመሙና አረፉ። ንግግራቸውን ሳይታረም ይዘውት ሄዱ።

እኔም ጡረታ ስወጣ ልጄ ሜሮን ለእኔና ለእናቷ የመርከብ ትኬት ገዛችልን። ትኬቱ ላይ ግሬናዳ የሚል አነበብኩ። «ሌላ አገር የለም?» አልኳት።

«ፓፓ፣ ስላፕ አቭ!» አለችኝ፣ ዘና በል ማለቷ ነው። «ፔንሾኒስት ሆነሃል እኮ። አሁን ዝም ብለህ ትበላለህ፣ አትጽፍም።»

ብርቅነሽ ቀኑን ስትመርጥ ጾሙ ሳይገባ እንድንመለስ አደረገችው። «ያኔ እንደ ሐውልት ቆመህ ነው የመጣኸው» አለችኝ። እሷ ስለ ጾሙ ታውቃለች። ስለ «ያ» ግን አልነገርኳትም ነበር።

የምግብ ጉብኝቱ አሁንም አለ። ሹፌሩም ያው ካልቪን ነው፤ ጸጉሩ ሸብቷል፣ ዜማው አልሸበተም። የመጨረሻው ማረፊያ ግን ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ያለው፣ ባሕር ዳር ያለ ምግብ ቤት ሆኗል። ሌሎቹ ሲበሉ ካልቪንን ወደ ጎን ጠርቼ፣ ድሮ አንዲት ሴት ግቢ ውስጥ እንበላ አልነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«ሚስ ኡና!» አለ። «ከላይ ከሰሜን አንድ ጋዜጣ ጻፈባቸው። ኢንተርኔት ላይ ወጣ። የመርከብ ወኪሎቹ ቅሬታ አይወዱም፤ በሚቀጥለው ዓመት ያንን ማረፊያ ሰረዙት። አየህ፣ ያን ቀን ዓርብ ነበር። እሳቸው ጥብቅ ካቶሊክ ናቸው፤ በጾማቸው ዓርብ ድስታቸው ውስጥ ሥጋም ዓሣም አይገባም። ለራሳቸው ሌላ፣ ለቱሪስት ሌላ አይሠሩም። እኔ ደግሞ በልማድ የአሳማ ጅራት፣ የአሳማ ጅራት እያልኩ እዘፍን ነበር። ጥፋቱ የእኔም ነው።»

የጾም ድስት ነበር። ቅጠል፣ ፍሬ፣ እርድ፣ የኮኮናት ወተት። ከዚያ ሚኒባስ ውስጥ ያንን ምግብ ሊበላ የሚችል፣ ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ሊገባው የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነበር።

«በሕይወት አሉ?»

«አሉ። ዓይናቸው ደክሟል እንጂ።»

ለብርቅነሽ ሁሉንም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነገርኳት። ሹካዋን አስቀመጠችና «ታዲያ ምን ትቀመጣለህ? ሂድ» አለችኝ።

ካልቪን እንግዶቹን ወደቡ ላይ አውርዶ ወሰደኝ። ግቢው ጠቧል፤ ድስቱ ግድግዳ ሥር ተደፍቶ ዶሮ ሰፍሮበታል። ሚስ ኡና በረንዳ ላይ ተቀምጠው የርግብ አተር ይፈለፍላሉ፤ ባርኔጣቸው ያው ነው።

«ማነው የመጣው?»

«በፊት በእኔ መኪና የመጣ እንግዳ ነው፣ ሚስ ኡና» አለ ካልቪን። «ከኖርዌይ።»

ጣታቸው ቆመ። «ያ ያልበላው?»

«አዎን፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ጾመኛው!» ወደ ድምፄ ዞሩ። «ውሃ እንኳ አልጠጣህም። እናቴ እንደዚያ ነበረች፤ ጽዋ ይዛ ትቆማለች እንጂ ሰዓቱ ሳይደርስ አትቀምስም። አንተን ሳይ ወዲያው አወቅኩህ። ቆይ፣ በሳጥን ያሰርኩልህ እንዴት ነበር? ሲቀዘቅዝ ጥሩ ይሆናል፤ እርዱ ይገባል።»

የቶርጋይር ጥያቄ ነው። ያው ጥያቄ በሌላ ቋንቋ፣ ከሌላ ሰው። ማየት ለማይችሉ አሮጊት «ግሩም ነበር» ብል ደስ ይላቸው ነበር፤ ካልቪንም ይስቅ ነበር።

«አልቀመስኩትም» አልኩ። «መኪናው ውስጥ ትቼው ወረድኩ። ጋዜጣው ላይ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።»

ካልቪን ኮፍያውን አውልቆ ወደ መንገዱ ዞረ። ሚስ ኡና አተራቸውን መፈልፈል ቀጠሉ። ፍሬው ሳህኑ ላይ ሲወድቅ ይሰማል።

«ሳትቀምስ?» አሉ።

«ሳልቀምስ።»

«ዓርብ ዓርብ ፈረንጆቹ እንደማይወዱት አውቃለሁ» አሉ። «ያላምጣሉ፣ ፊታቸው ይጨማደዳል። ግድ የለኝም ነበር። ያን ቀን ግን አንድ ሰው ይገባዋል ብዬ ነው ያሰርኩልህ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሚስ ኡና።»

«እኔ ይቅር እልሃለሁ። ድስቱን ግን ከእንግዲህ ማንሳት አልችልም።»

ቤት ውስጥ የሚበላ ነገር እየበሰለ ነበር፤ እርድ ይሸታል። አልጋበዙኝም። መጋበዝ አልነበረባቸውም። ከመነሳቴ በፊት ሙሉ ስማቸውን ከነፊደሉ ጠይቄ ጻፍኩ። «አሁን ደግሞ ምን ልታደርገው ነው?» አሉኝ።

«ላስተካክለው።»

«መርከብህ ሳይጮህ ሂድ» አሉኝ።

ብርቅነሽ መርከቡ መወጣጫ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። «ቀመስክ?» አለችኝ።

«አይ።»

መወጣጫውን አብረን ወጣን።

ኦስሎ ስመለስ ወደ ድሮው ቢሮዬ ሄድኩ። አዲሷ የዴስክ ኃላፊ ሰው አክባሪ ወጣት ናት፤ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ጽሑፉ እኮ ኔት ላይ እንኳ የለም» አለችኝ። «ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ እርምት ብናወጣ ማን ያስታውሰዋል?»

«ግሬናዳ ውስጥ ሁለት ሰው» አልኳት።

አዘነችልኝ፤ ግን አላወጣችውም። ልክ ናት፤ እኔም በቦታዋ ብሆን አላወጣውም ነበር። በእንግሊዝኛ ጽፌ ለካልቪን ልኬለታለሁ፤ እንዲያነብላቸው። አንብቦላቸው እንደሆነ አላውቅም።

ቶርጋይር ለእርምት ሕግ ነበራቸው። መጀመሪያ ስም፣ ከዚያ የተሳሳተው፣ ከዚያ ትክክለኛው። ማስተዛዘኛ የለም። ቅጽል የለም። ይህን ሁሉ ገጽ መጻፌ ራሱ ሕጉን መጣስ ነው። በሕጉ መሠረት ሲጻፍ ይህን ያህል ነው፦

እርምት። ወይዘሮ ኡና ቴሬዛ ቻርልስ በግሬናዳ ስለሚሠሩት ምግብ በዚህ ጸሐፊ ስም በወጣው ዘገባ ላይ ምግቡ ጣዕም የለውም፣ የአሳማ ሥጋም አለበት ተብሏል። ምግቡ የጾም ነበር። ጸሐፊው አልቀመሰም።